ኢዮብን የገለበጥኩበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ ቡራዩ ሄጄ የአዳዳን የቆርቆሮ ሳጥን ስከፍት የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ፊቴን መታኝ። አዳዳ ደብተሮቻቸውን ብል እንዳይበላባቸው በየመሐሉ ቅጠል ይነሰንሳሉ። ሌላውን ሰው ይህ ሽታ የሚያስታውሰው ጉንፋንና መታጠን ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ እልህ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አፍንጫዬ በንዴት ተነፍቶ፣ እስክርቢቶ ጨብጬ የተቀመጥኩበትን አንድ ክረምት ያስታውሰኛል።

አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች። እኛ ቤት ግን የመጠሪያ ስማቸው እስኪመስል ድረስ ሁሉም፣ እናቴም ሳትቀር፣ እንደዚያው ነበር የሚጠራቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ጎረቤታቸው በርና መስኮት የሚበየድበት ቤት ነው። እኔ እሳቸው ዘንድ የተላክኩት ኮራጅ ተብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ሱሉልታ ነበር። የአምስተኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና ላይ የሳይንስ አስተማሪያችን የእኔንና አጠገቤ የምትቀመጠውን የቤቲን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ሲያርም፣ ሁለታችንም የሌሊት ወፍ እንቁላል ትጥላለች ብለን መጻፋችንን አየ። ከክፍሉ ልጆች እንዲህ ያለ ሌላ አልነበረም። ትክክለኛ መልስ ብንጽፍ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየንም ነበር፤ ስህተት ግን ባለቤት ይፈለግለታል። የስህተቱ ባለቤት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ወፍ ከተባለች መቼም እንቁላል መጣሏ አይቀርም ብዬ፣ በራሴ ጭንቅላት አስቤ፣ ማንንም ሳልጠይቅ የተሳሳትኩት ስህተት ነው። ቤቲ ከእኔ ላይ አየች። ማየቷንም አይቻለሁ፤ ክንዴን ከለል ላደርግ አስቤ ደበረኝና ተውኩት።

ዲሬክተሩ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ፍርድ ሰጠ። ወላጅ ይዞ መጥቶ የይቅርታ ደብዳቤ የጻፈ ለስድስተኛ ክፍል ይመዘገባል፣ ያልጻፈ አይመዘገብም አለ። ቤቲ በማግስቱ ከእናቷ ጋር መጥታ፣ አልቅሳ፣ ጽፋ ተመዘገበች። እኔ አልጻፍኩም። የኮረጀችው አለፈች፣ ያልኮረጀችው ቀረች።

እናቴ ውሃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ተጠርታ ስትመጣ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ዲሬክተሩን ሰማች፣ አስተማሪውን ሰማች፣ ከዚያ ጆሮዬን ይዛ አወጣችኝ። "አልኮረጅኩም እኮ" ስላት "ዝም በይ!" አለችኝ። የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው አባቴ ያን ሰሞን ጅቡቲ መስመር ላይ ነበር፤ በስልክ ሲነገረው "እናትሽ ያለችሽን አድርጊ" ብሎ ዘጋው። ሰው እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል። የእኔዋ እውነት ሳምንት ብታድር፣ ሁለት ሳምንት ብታድር ያው ድፍርስ ሆነችብኝ። እናቴ የምትለምነኝ ይቅርታ እንድል ነው፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ እንድታምነኝ ነበር። ሁለታችንም የፈለግነውን አላገኘንም።

በሰኔ መጨረሻ ልብሴን በፌስታል ቋጥራ ቡራዩ አደረሰችኝ።

"አዳዳ፣ ይቺን ልጅ ይያዙልኝ" አለቻቸው ገና ከበር። "አንገቷ ደንድኗል። መጽሐፍ ቅዱስ ያስነብቧት፣ ምናልባት ልቧ ቢለሰልስ።"

አዳዳ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንገቷስ የወንድሜ ነው" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የብረት መቁረጫው ጩኸት ቀሰቀሰኝ። አዳዳ እጃቸውን ታጥበው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላስቲክ በደረቅ ጨርቅ ወልውለው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተርና ሁለት እስክርቢቶ፣ አንድ ሰማያዊ አንድ ቀይ፣ ደርድረው ይጠብቁኛል።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት አደርሽ ልጄ? ኮቱ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ። ትጽፊያለሽ።"

"ምን?"

"ከዚህ ላይ ወደዚህ።" ጣታቸው ከመጽሐፉ ወደ ደብተሩ ሄደ።

"እያየሁ?"

"ታዲያ ጨፍነሽ ልትጽፊ ኖሯል?"

መሳቅ አማረኝ፣ ማልቀስም አማረኝ። ኮርጀሻል ተብዬ ከትምህርት ቤት የተባረርኩ ልጅ፣ ከመጽሐፍ ላይ እያየሽ ገልብጪ ተባልኩ። ሱሉልታ ላይ ወንጀል የሆነ ነገር ቡራዩ ላይ ጸሎት የሚሆነው እንዴት ነው? እናቴና አዳዳ ተመካክረው ያዘጋጁልኝ ቅጣት ነው ብዬ ደመደምኩ። ደብተሩን ያወጡበትን ሳጥን ተከፍቶ ሳየውማ የባሰ ደነገጥኩ፤ እስከ አፉ በተጻፈ ደብተር ተሞልቷል። ከእኔ በፊት ስንት ልጅ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀጥቷል አልኩ በሆዴ።

"አልጽፍም" አልኩ።

"እሺ" አሉ አዳዳ።

ያ "እሺ" ነው የጎዳኝ። ምድጃው ላይ ቂንጬ ተሠርቶ ተከድኗል፣ የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ የሚያቀርበው ግን የለም። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። ሊያስርቡኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ኋላ ሳይ እሳቸውም አልበሉም። "አንቱስ ለምን አይበሉም?" ስላቸው፣ ከቃሉ በፊት እንጀራ ቀምሰው እንደማያውቁ ነገሩኝ። በየቀኑ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ይበላል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው የኖሩት። ያ ሁሉ ደብተር የእሳቸው የራሳቸው ነበር። ያን ክረምት ግን ቁርጥማት ቀኝ እጃቸውን አሳብጦት ጣቶቻቸው አልታጠፍ ብለዋል።

አምስት ሰዓት ገደማ አዳዳ እስክርቢቶውን በጡጫቸው ጨብጠው፣ ልጅ ቢላዋ እንደሚይዘው አድርገው፣ ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። አንድ ፊደል ጽፈው ያርፋሉ። ግንባራቸው ያልበዋል። ቃሉ ወደ ታች እየተንሸራተተ ከመስመሩ ወጣ። አሁንም እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። ተናድጄ ሞትኩ።

"ኧረ ይስጡኝ!" ብዬ ቀማኋቸው።

ቂንጬውን ስድስት ሰዓት ላይ ቀዝቅዞ በላነው። እንዲህ ሆኖ ጻፊ ሆንኩ፤ ለስልሼ ግን አይደለም።

ሥራው ሥርዓት ነበረው። እጅ ይታጠባል። ቁጥሩ መጀመሪያ ጮክ ተብሎ አንድ ጊዜ ይነበባል፣ ከዚያ ይጻፋል። የእግዚአብሔር ስም ሲመጣ ሰማያዊው ተቀምጦ ቀዩ ይነሳል። የተሳሳተ ቃል በአንድ ሰረዝ ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፤ ገጽ አይቀደድም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የማነበው እንዲሰማቸው መጮህ ነበረብኝ። መጮህ ደግሞ ያን ጊዜ በጣም ይመቸኝ ነበር።

አዳዳ ፊደል የቆጠሩት ልጆቻቸውን አሳድገው ከጨረሱ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የመጀመሪያውን ደብተራቸውን ሳገላብጥ ኦሪት ዘፍጥረት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ገጽ ሙሉ ሌላ ጽሑፍ አገኘሁ። አትሞ ያወጣው ማን እንደሆነ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደታተመ፣ ማውጫው ከነገጽ ቁጥሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በትልልቅ ፊደላት፣ አንዱም ሳይዛነፍ፣ ያለ ፈቃድ መገልበጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑ ተጽፏል።

"አዳዳ! መገልበጥ ክልክል ነው የሚለውን ገልብጠውታል እኮ!"

"አዎ" አሉ ሳይደነግጡ። "መጽሐፉ ውስጥ ያለ ሁሉ ቃሉ መስሎኝ ነዋ። ማን ነገረኝ?"

"ለምን አይቀድዱትም ታዲያ?"

"ገጽ አይቀደድም።"

ለምን ዝም ብለው እንደማያነቡትም ጠየቅኳቸው። መጽሐፉ እያለ መድከሙ ሞኝነት መስሎኝ ነበር። "ማንበቤን አላምነውም" አሉኝ። "ዓይኔ ይሮጣል። የማይጥመኝ ቦታ ሲደርስ ደግሞ የባሰ ይሮጣል። ስጽፍ ግን የማይጥመኝም ጋ ቁጭ ማለቴ ነው።" ይህ መልስ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ የእርጅና ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

እኔ ስደርስ አስቴርን ጨርሰው ኢዮብን ሊጀምሩ ነበር። እንዲህ ያለ መገጣጠም ዛሬ ቢነግሩኝ አላምንም፤ ግን ተራው ሆኖ ነው። ኢዮብን ከዚያ በፊት የማውቀው በትዕግሥት ብቻ ነበር። እናቴ ታክሲ ሲዘገይ "የኢዮብን ትዕግሥት ይስጠኝ" ትላለች። ስለዚህ ተሰልፎ ተራ የሚጠብቅ፣ ዝም ያለ፣ ጨዋ ሰውዬ ነበር የጠበቅኩት። የሆነው ሌላ ነው። ሰውዬው ንብረቱና ልጆቹ አልቀው፣ ቆዳው ቆስሎ አመድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ አፉን ሲከፍት መዝጊያ የለውም። ይከራከራል። ፍረዱኝ ይላል። አላጠፋሁም ይላል። ከእኔ በቀር ይህን የሚል ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ሦስቱ ጓደኞቹ መጥተው ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ወደድኳቸው። ከዚያ አፋቸውን ፈቱ። በደለኛ ባትሆን ኖሮ ይህ አያገኝህም ነበር፣ ጥፋትህን እመንና ተገላገል እያሉ በየተራ ይመክሩታል። አነጋገራቸው የሚያምር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢባል ሰው አሜን የሚለው ዓይነት። የመጀመሪያውን ቀን በደንብ ነው የጻፍኩላቸው። በሁለተኛው ቀን ግን ድምፁን የሆነ ቦታ የሰማሁት መሰለኝ። ዲሬክተራችን ነበር። ከዚያ ወዲያ የኢዮብን ንግግር በቆንጆ ፊደል፣ የጓደኞቹን በተጨማደደ ፊደል መጻፍ ጀመርኩ።

አዳዳ ገጹን በጣታቸው እየዳሰሱ ሲያርሙ ያዙኝ።

"ይኼ ምንድን ነው? ዶሮ የጫረው?"

"እነሱማ ውሸታሞች ናቸው።"

"ቢሆኑም እኩል ይጻፉ።"

"ሰውዬው አላጠፋም እኮ አዳዳ! መጀመሪያውኑ አላጠፋም ተብሎ ተጽፏል!"

"አንቺ ስለጻፍሽው አወቅሽ። እነሱ ግን አላነበቡትም" አሉ አዳዳ። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ለመሆኑ አንቺን ያባረረሽ ምንድን ነው?" አሉኝ።

የሌሊት ወፏን ነገርኳቸው። አዳዳ ጉንጫቸውን ይዘው አሰቡ። "ቆይ እስቲ" ብለው ሳጥኑን ከፈቱና ከሥር አንድ ያረጀ ደብተር ጎትተው አወጡ። ኦሪት ዘሌዋውያን። ያበጠ ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ እየነዱ ወረዱ፣ የማይበሉት ወፎች ዝርዝር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ንስር አለ፣ ጉጉት አለ፣ ሽመላ አለ። መጨረሻ ላይ የሌሊት ወፍ አለች።

"ሙሴም የቆጠራት ከወፎች ጋር ነው" አሉ።

"ታዲያ ሙሴም ዜሮ ያግኛ!"

አዳዳ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከሱሉልታ ከወጣሁ ገና መጀመሪያዬ ነበር። ነገር ግን ፍርድ የሚያጓድሉ ሴት አልነበሩምና ሳቁ ሲያልፍላቸው "እንቁላል ትጥላለች ግን አላለም" ብለው ጨመሩ።

በሐምሌ አጋማሽ፣ እሑድ ቀን፣ እናቴ ስኳርና ዳቦ ይዛ መጣች። ጭቃው ጫማዋን ሁለት ኪሎ አድርጎታል። ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

"ቤቲ ለዩኒፎርም ልኳን ተለካች። አንቺስ?"

"ቤቲማ ኮርጃለች።"

"ስለ ቤቲ ማን ጠየቀሽ? ሁለት ቃል ናት እኮ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ። አለቀ።"

"አላጠፋሁማ!"

"አጠፋሽ ማን አለሽ? ይቅርታ በዪ ነው ያልኩሽ!"

አዳዳ ጥግ ላይ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። እናቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስሚኝ ሲፈን። እኔ በቀን ስንት ጊዜ ይቅርታ የምል ይመስልሻል? ማሽኑ ምልክቱን አጣሞ ሲለጥፍ ይቅርታ የምለው እኔ ነኝ። ሌላዋ ካርቶን ስትጥል ይቅርታ የምለው እኔ ነኝ። ስላጠፋሁ ነው? በማግስቱ ልግባ ብዬ ነው። ዝም አይነቅዝም ልጄ። ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው።"

አሳዘነችኝ፤ ግን ማዘኔ ራሱ አናደደኝ። እሷ ባላጠፋችው ይቅርታ እያለች እኔን ማሳደጓ ዕዳ ሆኖ እኔም እንድለው የሚያስገድደኝ መሰለኝ።

"እኔ አልልም" አልኳት።

እናቴ ወደ አዳዳ ዞረች። "ሰሙ? ይኼ ነው መለስለስ?"

"ጽሕፈቷን እያት እስቲ" አሉ አዳዳ ደብተሩን በአገጫቸው እያመለከቱ። እናቴ ገጹን ገለጥ አደረገች። "ጽሕፈቷስ ያምራል" አለችና ሳታነበው ዘጋችው። ስትሄድ ግንባሬን ስማኝ ነበር፤ እኔ ግን እስከ በሩ አልሸኘኋትም።

በነሐሴ መጀመሪያ ኢዮብ ለጓደኞቹ የመጨረሻውን መልስ የሚሰጥበት ምዕራፍ ላይ ደረስን። እስክሞት ድረስ እናንተን ትክክል ናችሁ አልልም፣ ንጹሕነቴንም አልለቅም ብሎ ይምላል። ዝናቡ ያን ቀን ለጉድ ነበር። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩት። የጎረቤት በያጆች ማሽናቸውን አጥፍተው በአጥር በኩል "አዳዳ፣ ሰላም ነው?" አሉ።

"ሰላም ነው! ልጅቷ እያነበበች ነው!" አሉ አዳዳ። ወደ እኔ ዞረው፣ "አንድ ጊዜ ነው የሚነበበው" አሉኝ።

"ዝናቡ ነው፣ አልሰማኝም" አልኩ። ቅጥፈት ነበር። በሕይወቴ እንዲህ የሰማሁት ነገር የለም።

ስለዚህ መጨረሻው ላይ ስደርስ የተሰማኝን ለማንም ላስረዳ አልችልም። እግዚአብሔር ራሱ ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ተናገረ፣ ኢዮብን ስለ ሰማዩ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ አውሬው ጠየቀው። ከዚያ ኢዮብ፣ የእኔ ኢዮብ፣ አፌን እዘጋለሁ፣ በአፈርና በአመድ ላይ ሆኜ እጸጸታለሁ አለ። እስክርቢቶውን አስቀመጥኩ። ያን ሁሉ ገጽ አብሬው ስከራከር ከርሜ በመጨረሻ ሄዶ እንደ ቤቲ ደብዳቤ ጻፈ! ያንን ቁጥር ዘለልኩት። አንድ መስመር ባዶ ትቼ ደብተሩን ዘጋሁ፣ ቁርሴንም በላሁ።

በማግስቱ የአዳዳ ጣት ባዶው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይኼስ?"

"አልጽፈውም።"

"ለምን?"

"ከዳኝ።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሥርዓታቸውን፣ የአሥራ አንድ ዓመቱን፣ ነው የሰበርኩት። አዳዳ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "እሺ። የቀጠለውን አንብቢ።"

አነበብኩ። እግዚአብሔር ጓደኞቹን ተቆጣ። ስለ እኔ ቅን ነገር የተናገረው ባሪያዬ ኢዮብ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም አላቸው። መሥዋዕት ይዛችሁ ወደ እርሱ ሂዱ፣ እርሱ ይጸልይላችሁ፣ ያን ጊዜ እምራችኋለሁ አላቸው።

"ማን ወደ ማን ሄደ?" አሉ አዳዳ።

"እነሱ ወደ እሱ።"

"እሱ ለእነሱ፣ አዎ በድያለሁ፣ እንዳላችሁት ነው አላቸው?"

ወደ ላይ ተመልሼ ፈለግኩ። የለም። አንድም ቦታ የለም።

"ለፈጣሪው አጎነበሰ። ሰው ለፈጣሪው ያጎነብሳል፣ አንቺም ታጎነብሻለሽ። ማሎ፣ እባክሽ ሁለቱን እንዳትደባልቂ።" ከዚያ ሰማያዊውን እስክርቢቶ አቀበሉኝ። መስመሩን ሞላሁት። ዛሬም ቢሆን ግን አልወደውም፤ ባለፈው ቅዳሜ ገልጬ አይቼው ያው ሆነብኝ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ነው ብላ እናቴ ደወለች። ሐሙስ ጠዋት እኔና አዳዳ በአስኮ፣ ከዚያ በአዲሱ ገበያ አድርገን ሱሉልታ ደረስን። እናቴ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ትጠብቀናለች። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የተፈቀደላት። ሰዓቱን ደጋግማ በስልኳ ታያለች።

ዲሬክተሩ በደህና አቀባበል ነው የተቀበለን። ለአዳዳ ወንበር አቀረበላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ወላጅ ውጭ ተሰልፎ የሚጠብቀው፣ የደከመው ሰው ነበር። ከመሳቢያው አንድ የተተየበ ወረቀት አወጣ፣ ከጎኑ ነጭ ወረቀት አስቀመጠ።

"ሲፈን፣ ይኼን እያየሽ እዚህ ላይ ገልብጪ። ስምሽን አስገቢና ፈርሚ። ከዚያ ስድስተኛ ክፍል።"

ተመለከትኩት። እኔ ተማሪ እገሌ በፈተና ወቅት መኮረጄን አምኜ ይላል። አምስት መስመር አትሞላም። ክረምቱን በሙሉ ከዚህ የረዘመ ነገር ከቁርስ በፊት ስጽፍ ከርሜያለሁ። ሁለት እጆቼን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው።

"አልጽፍም።"

"ልጄ" አለ ዲሬክተሩ፣ "ቦታ ልሰጥሽ ነው የፈለግኩት። እምቢ ካልሽ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል።"

"ይሰጥ።"

እናቴ አዳዳን አየች። አዳዳ መሬት መሬት እያዩ ነው። እናቴ ስልኳን አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና እስክርቢቶውን አነሳች።

"እኔ እጽፍላታለሁ። እሷ ትፈርማለች። ይቻላል?"

ዲሬክተሩ ሰዓቱን አየ። "ይቻላል" አለ።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። እኔ ለራሴ እምቢ ማለት እችል ነበር። እናቴ በእጇ ከጻፈችው ግን ምን እላለሁ? እናቴ ብዙ የምትጽፍ ሰው አይደለችም፤ ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እያንዳንዱን ቃል በሹክሹክታ እያነበበች ነበር የምትጽፈው። ቀኑን ጻፈች። ጉዳዩ፣ ይቅርታ ስለመጠየቅ። እኔ ተማሪ። ስሜን ጻፈች፣ የአባቴን ስም ጻፈች። በፈተና ወቅት። ድምጿ እዚያ ላይ ቆመ። እስክርቢቶው ወረቀቱን ነክቶ ሰማያዊ ነጥብ ሠራ፣ ነጥቡ እየሰፋ ሄደ። የሚቀጥለውን ቃል ከተተየበው ላይ አየችው፣ እንደገና አየችው። ቀና አለች።

"ኮርጀሻል እንዴ?" አለችኝ።

ከሰኔ ጀምሮ እንዲህ ብላ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

"አልኮረጅኩም።"

"ማርያምን?"

"ማርያምን።"

እናቴ ወረቀቱን አጣጥፋ የሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ተነሳች። "ልጄ አልኮረጀችም" አለችው ዲሬክተሩን፤ ልክ ያን ሰዓት የደረሰ ወሬ እንደምትነግረው ነበር።

"እንግዲያው መመዝገብ አልችልም፣ ወይዘሮ።"

"አይመዝግቡ።"

ወጣን። ውጭ የተሰለፉት ወላጆች መንገድ ለቀቁልን። እናቴ በሩ ጋ ስትደርስ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። "አሁን የት ላስገባሽ ነው? የት?" አለች። አዳዳ፣ ቡራዩ እሳቸው ቤት አጠገብ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳለ፣ እሳቸው ዘንድ ሆኜ ልማር እንደምችል ነገሯት። እሷ የምትሰማ አልነበረችም።

ወደ ፋብሪካው እንድትመለስ እኛም ወደ አዲሱ ገበያ እንድንሄድ ታክሲ ተራ ድረስ አብረን ወረድን። አዳዳ ቀድመው ገብተው ተቀመጡ። እኔ ልገባ ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሻለሁ።"

ረዳቱ "አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ! ሁለት ሰው!" እያለ ይጮሃል። የእናቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ፤ የፈተናውን ቀን፣ ጆሮዬን የያዘችበትን ቀን፣ ያን እሑድ ስታስታውስ አየሁ።

"አዎ። ነግረሽኛል" አለች። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ጎንበስ ብላ፣ "ይቅርታ ልጄ" አለችኝ።

ወዲያው አልመለስኩላትም። ታክሲው እስኪሞላ ድረስ አስጠበቅኳት።